ሐሙስ የኔ ተራ ነው

በነሐሴ ደሴ ላይ ድርቆሽ ለማድረቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው እንኳን እንጀራ ልብስም አይደርቅ። ሦስት ቀን ሰፌድ ላይ አሰጣሁት፣ በአራተኛው ሻገተ። ከዚያ አንዷ «ኮምቦልቻ አትልኪውም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሌላ አገር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጠዋት የተሰጣ እንጀራ ማታ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እናም እንጀራው ደሴ ይጋገር፣ ኮምቦልቻ ይደርቅ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ያኔ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ካንሰር የያዛትን ልጇን ታስታምም ለነበረች ጎረቤቴ።

ስም አልጽፍም። ልጅቷን ሚጡ እንበላት። ጽሑፉን ከመለጠፌ በፊት ለእናቷ አንብቤላታለሁ፣ ሁለት ቦታ «ይኼን አውጪው» ብላኝ አውጥቻለሁ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። ግድግዳችን አንድ ነው፣ እነሱ ቤት ሲነጠስ እኔ ከዚህ «ይማርህ» የምል ሰው ነኝ። አባትየው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ ጠዋት ወርዶ ማታ ይወጣል። እናትየው ቤቷ ዳቦ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ከሚጡ በላይ አንድ ወንድም አለ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ እንዲህ እንዲህ።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ሚያዝያ ላይ ነው። ሚጡ አምስት ዓመቷ ነበር። «እግሬን» ትላለች። መዋዕለ ሕፃናት ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ከዚያ ትኩሳት፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ክሊኒክ ወሰዷት፣ ያው እንደምታውቁት «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ፣ መርፌ ተወጋች። ተሻላት፣ ተመለሰባት። ሌላ ቦታ «ደም ማነስ ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጧት። እኔም አልቀረሁም፣ «ምስር አብሊያት፣ ቴምር ስጫት» እያልኩ ሐኪም ሆንኩ። ወር አለፈ። አንድ እሑድ እናትየው ልጅቷን ስታጥብ በግድግዳው ጠራችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ሄጄ አየሁ። ቅልጥሟ፣ ጀርባዋ፣ ክንዷ በለዝ በበለዝ ሆኗል። «ወድቃ ነው?» አልኳት። «አልወደቀችም» አለች። በማግሥቱ ሆስፒታል ሄዱ፣ ሲቢሲ የሚሉት የደም ምርመራ ተሠራ፣ ነጭ የደም ሴሏ ከልክ በላይ ሆኖ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷ ወርዶ ተገኘ።

ክሊኒኮቹን ለማማት አይደለም፣ ምንም እንኳን ያኔ ደሜ ቢፈላም። የልጅ ካንሰር ሲጀምር ከሌላው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ግን ሳይወድቅ የሚበልዝ፣ ፊቱ የሚገረጣ፣ ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለስ፣ አጥንቴን የሚል ልጅ ካላችሁ «ሲቢሲ ይሠራለት» በሉ። ሆዱ ላይ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ወይ ፎቶ ሲነሳ አንድ ዐይኑ ውስጥ ነጭ የሚያበራ ነገር ከታየም ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ።

ሪፈሩን ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሪፈሩን አምስት፣ የጤና መድን ደብተሩን አምስት። እናትየው ቆማ ታያለች። «እትዬ፣ ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ሉኬሚያ፣ የደም ካንሰር፣ ይላል። «በሽታውን በፈረንጅ አፍ ነው የጻፉት፣ እዚያ ያስረዱሻል» አልኳት። ዋሸሁ። ወረቀቱን ማስተካከል አስመስዬ ማሽኑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሰፈራችን ውስጥ ይህ በሽታ ስሙ አይጠራም፣ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የሚባለው፣ እኔም ከዚያ አልወጣሁም።

በነገራችን ላይ ያቺ ማሽን የድሮዋ በ2014 ጦርነት ጊዜ ከተወሰደችብኝ በኋላ በዕዳ የገዛኋት ናት። ያኔ ማን ምን እንደሰጠኝ፣ ማን በሬን እንዳላንኳኳ አልረሳሁም። ምናልባት በዚህ ነገር ውስጥ እንዲህ የገባሁት ለዚያ ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኛቸው። ስኳር፣ ዘይት፣ በሶ፣ የታሸገ ብር፣ እንባ። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። የደሴ ሰው መጠየቅ ያውቅበታል። ችግሩ ሁለት ሳምንት ነው። በሁለት ሳምንት ሐዘናችንን ሁሉ አውጥተን ጨረስን። የሚጡ ሕክምና ግን ከሁለት ዓመት በላይ ነው! ይህን እናትየው በስልክ ስትነግረኝ «ሁለት ወር» ያለች መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት። የዚህ ዓይነት የልጆች ደም ካንሰር ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። መጀመሪያ ጠንከር ያለ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት፣ ከጀርባ በመርፌ የሚሰጥም አለው። በኋላ ረጅም የክኒን ጊዜ። መሐል ላይ ልጅቷ ደህና ትመስላለች፣ ትሮጣለች፣ ግን መድኃኒቱ አላለቀም።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኛ ጠያቂ ነን። አስታማሚ ሌላ ነው። ጠያቂ ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ «አይዞሽ፣ አብሽሪ» ይላል፣ ይሄዳል። አስታማሚዋ ትቀራለች። አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

«ምን ልርዳሽ?» ማለት ምንም አይረባም፣ ብዬ ብጽፍ የምትቀየሙኝ ትኖራላችሁ። እኔም አርባ ጊዜ ብያለሁ። መልሱ ሁሌ «ምንም፣ አላህ ይስጥሽ፣ ዱአ አድርጊልን» ነው። ሴትዮዋ ሌሊቱን ቁጭ ብላ አድራ፣ የልጇን ትውከት አጥባ፣ የመድኃኒት ወረፋ ይዛ፣ በዚያ ላይ ለእኔ ሥራ ታስብልኝ? አንድ ቀን ተሳስቼ ሳልጠይቃት «ቅዳሜ ለልጅሽ የትምህርት ቤት ልብስ አሰፋለታለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። ለአራት ወር ያላለቀሰችው ሴትዮ፣ ለዩኒፎርም!

ልጁን ሁላችንም ረስተነው ነበር። እናቱ አዲስ አበባ፣ አባቱ ፋብሪካ፣ እሱ አያቱ ጋ። አያትየው ዐይናቸው ደክሟል፣ እራቱን ይሰጡታል እንጂ ደብተሩን አያዩለትም። ሰው ሁሉ ሲያገኘው «እህትህ እንዴት ናት?» ይለዋል። አንድም ሰው «አንተስ?» አላለውም። አንድ ከሰዓት ሱቄ መጥቶ ቆመና «ካንሰር ይተላለፋል?» አለኝ። «ማን አለህ?» «ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ከእኔ ጋር አልቀመጥም አለ።» እንደማይተላለፍ ነገርኩት። ቆየና ደግሞ «እኔ ገፍትሬያት ነበር፣ በፋሲካ ጊዜ፣ ከደረጃው» አለኝ። ያን ሁሉ ወራት በለዙ የመጣው በእሱ ይመስለው ነበር! ከቀጭን አንገቱ ያን ያህል ነገር አንጠልጥሎ ሲዞር እኛ ስኳር እናቀብላለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ሱቄ ይቀመጣል። የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ወረቀት ይቆጥርልኛል፣ እኔም ጨዋታ አገኘሁ። መምህሩንም አናገርኩት፣ ክፍል ውስጥ ስለ በሽታው በደንብ አስረዳቸው፣ ያ ልጅ አሁን ኳስ ጓደኛው ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እቁቧ ደግ ሆነላት፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ዕጣዋን ቀድመው ሰጧት። ግን ዕጣ አንዴ ነው። የጤና መድኑ ሪፈር ስላላቸው ብዙውን ይሸፍናል፣ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ ግን ከኪስ ነው። ትራንስፖርት ከኪስ። የአባትየው የዓመት ፈቃድ አለቀ፣ ባልደረቦቹ ሽፍቱን ሸፈኑለት፣ እሱም አለቀ። ስለዚህ ጉዳዩን ቅሬው ላይ አነሳሁት። ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው።

ስብሰባው ላይ የተቃወሙኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ «ደንባችን ለቀብር ነው፣ ዛሬ ለበሽታ ከፈትነው ማለት ነገ ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት ሁሉ ይሰለፋል» አሉ። ልክ ናቸው እኮ። ሰብሳቢው ደንቡን አወጡ፣ ተነበበ፣ እውነትም ድንኳን፣ ወንበር፣ ቀብር፣ ንፍሮ። በሽታ የሚል የለም። ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ክርክሩን መከታተላቸውን እንጃ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና «ልጅቷ ብትሞት ስንት እናወጣለን?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ነገራቸው። «እንግዲያው ያችን ብር አሁን ስጧት፣ ለመቅበሪያ ያሰባችሁትን ለመዳኛዋ ስጡ፣ ስትድን እናቷ ቡና ታፈላልናለች» አሉና ተቀመጡ። ማንም አልተናገረም። ከ64 ቤት በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር ከመደበኛው ውጭ እንዲዋጣ ተወሰነ፣ ሒሳቡን እኔ እንድይዝ ተፈረደብኝ።

ሃምሳ ብር ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። በወር 3,200 ብር ነው። ግን የምትመጣ ብር ናት። አባትየው በኋላ የነገረኝ ነው፣ ከአንድ ሀብታም ዘመድ አንዴ ከመጣው ብዙ ብር ይልቅ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የምትገባው 3,200 ነበረች እንቅልፍ የሰጠችው። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ያውቃል፣ የመሳፈሪያው ብር መቼ እንደሚገባም ያውቃል። አምስተኛው ወር ላይ ግን ከፋዩ 41 ቤት ሆነ። ሰው ሰለቸ። አልፈርድም፣ እኔም አንድ ወር ዘልያለሁ፣ ደብተሩ ላይ አለ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ሊያቆም የነበረው ልጅቷ በጣም ስትታመም አይደለም። ደህና ስትሆን ነው። ጸጉሯ ብቅ ብቅ ብሏል፣ ጓሮ ትሮጣለች፣ የመቅኒ ምርመራው ጥሩ ነው ተብሏል። አባትየው ማታ መጥቶ በሩ ላይ ተቀምጦ «ደህና ናት እኮ። ለምን እንመላለሳለን? ያለኝን ሸጫለሁ» አለ። እውነቱን ነው። ቲቪው ሄዷል፣ ፍሪጁ ሄዷል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ልጅቷ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ያላስታወከችበት የላስቲክ ከረጢት የለም። መንገዱ የተዘጋባቸው ሳምንታትም ነበሩ። ለእኔና ለእናንተ መንገድ ሲዘጋ ጉዳይ ይተላለፋል። ለእሷ መድኃኒት ነው የሚዘለል። አንዴ የግድ ሲሆን ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄዱ፣ የዚያን ወር መዋጮ እንዳለ እሱ በላው፣ ደብተሩ ላይ «ትራንስፖርት» ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ለአባትየው የምመልሰው አጣሁ። ሱቅ ገብቼ ከኢንተርኔት አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ይህ ነው፤ ሀብታም አገሮች ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፣ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ30 በመቶ በታች። በሽታው ሌላ ሆኖ አይደለም። ዘግይቶ መታወቁ፣ መድኃኒት መጥፋቱ፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት ደግሞ ሕክምናው መሐል ላይ መቋረጡ። አትሜ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ከተተው። ሌላ ምንም አላልኩም። በማግሥቱ ግን እነዚያን 23 ቤቶች አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመርኩ። የሚያሳፍር ሥራ ነው። አንዷ «አሁንም አልዳነችም እንዴ?» አለችኝ። ልቧ ክፉ አይደለም፣ ግን «አሁንም» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ ነበረች። አስራ ሰባቱ ተመለሱ።

የጥየቃውን ነገር እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ከሰፈር ያጣላኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መስከረም ነበር። ሐኪሞቹ «ነጭ የደም ሴሏ ዝቅ ብሏል፣ ሰው አይብዛባት፣ ጥሬ ነገር አትብላ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሰዓት ሳይባክን ሆስፒታል» ብለው ነበር። ኬሞ ክፉውን ሴል ሲገድል በሽታ የሚከላከለውንም አብሮ ስለሚመታ፣ ለእኛ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ሞት ሊሆን ይችላል። ግን ማን ጠያቂን ከበር ይመልሳል? ጫማ በሩ ላይ ተደረደረ። ሁሉም ይስማታል። አፍንጫው የሚፈስ ሕፃን አዝሎ የመጣም አለ። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ጭሱ፣ ዕጣኑ። እናትየው ስታስተናግድ ትውላለች፣ ማታ እግሯ ያብጣል። ከአራት ቀን በኋላ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግድግዳው ተንኳኳ። ሙቀት መለኪያው 38.6 ይላል። ባጃጅ ጠርተን፣ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልለን ሄድን። ዘጠኝ ቀን ተኛች፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ እየተሰጣት። ማን እንዳስያዛት አይታወቅም፣ ላይሆንም ይችላል። እኔ ግን ጨክኜ ወረቀት አተምኩ፣ ላሚኔት አድርጌ በራቸው ላይ ለጠፍኩ፤ «ሚጡ ደህና ናት። ሐኪም ሰው እንዳይቀርባት አዟል። በመስኮት ሰላም በሏት።» ከሥሩ ደብተርና እስክሪብቶ አንጠለጠልኩ፣ የመጣ ሰው ስሙን ይጻፍ ብዬ።

ደብተሩ ስህተት ነበር። አንዲት እናት «የለቅሶ መዝገብ አስመሰልሽው!» ብለው ጮኹብኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ የዚያኑ ቀን አወረድኩት። ወረቀቱ ግን ቀረ። ያኮረፉኝ አሉ፣ አንዷ እስካሁን ሱቄ አትመጣም። መስኮቱ ግን ሠራ። የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መስኮቱ ጋ ቆመው ምላሳቸውን ያወጡላታል፣ እሷም ታወጣለች።

አንድ ሌላ ነገር። ፕሬድኒሶሎን የሚሉት ክኒን አለ፣ ሲወስዱት ያስርባል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ጠባይ ይለውጣል። ሚጡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ «ድንች በበርበሬ» ትላለች። አምጪ ስትል ካልመጣ ለቅሶ ነው። እናትየው ተነስታ ድንች ትቀቅላለች፣ ልጅቷ ሁለት ጎርሳ ትተኛለች። በመስኮት የሚያያት ሰው ደግሞ «ማሻአላህ፣ ወፈረች! ዳነች!» ይላል። እናትየው ፈገግ ትልና በሩን ትዘጋለች። ለዚህ ያገኘነው መፍትሔ ሞኝ የሚመስል ነው፤ የተቀቀለ ድንች በየማታው በተራ አንድ ቤት ያመጣል። ለሦስት ሳምንት የሰፈሩ ሴቶች ድንች ቀቀልን። እናትየው ግን ሌሊት እሳት አልለኮሰችም።

ተራ ማውጣቱ የመጣው ከዚያ ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ማን ውኃ ያፈላል፣ ማን ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ማን ልብስ ያጥባል። «ስትችይ» የሚል የለም፣ ቀን አለው። ያልቻለ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል። ባጃጅ ነጂዎቹም ገቡበት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ተረኛ አላቸው። ደም መስጠትም ፈልገው ነበር፣ ግን ደሙ የሚፈለገው አዲስ አበባ ነው፣ ፕላትሌት ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ አይቀመጥም። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ የደሴ ልጆችን በስልክ አፈላልገን ነው የሰጡላት። ባጃጅ ነጂዎቹ ግን ዝም ብለው አልቀሩም፣ እዚህ ደም ባንክ ሄደው ሰጡ። «ለሌላ ሰው ሚጡ ይሆናል» አለኝ አንዱ።

ስለ ጸበልና ዱአ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ለግሸን ማርያም ተስያለሁ፣ እነሱ ዱአ ያስደርጋሉ፣ ወዳጃ የምንለውን የጋራ ዱአም ተቀምጠናል። ወሎ ነው እንግዲህ፣ ማን ማንን ይለያል። ማንም መድኃኒቱን አቁሙ ብሎ ቢመክራቸው ግን እጣላለሁ። አንድ ሰው ሥር በጥብጦ አመጣ። እናትየው ዝም ብላ ተቀበለችው፣ ሲወጣ ደፋችው። «ለምን አልመለስሽለትም?» ብላት «ከሩቅ ነው የመጣው፣ ደክሞታል» አለችኝ።

ፎቶውም ይኸው ነው። ጸጉሯ የረገፈ ጊዜ አንድ ወጣት መጥቶ «ቲክቶክ ላይ እንልቀቃት፣ ብር ይገኛል» አለ። ልቡ ንጹሕ ነው። እናትየው «ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ የሚያውቋት በዚህ እንዲሆን አልፈልግም» አለች። ተከራከርኳት፣ አልክድም፣ ገንዘቡ ታይቶኝ ነበር። እሷ ልክ ነበረች።

አዲስ አበባ ለምትሄዱ ደግሞ፤ ብቻችሁን አትሁኑ። ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት አለ፣ ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ናቸው ያቋቋሙት፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የመሠረቱት። ሪፈራችሁን እንደያዛችሁ ሆስፒታል ውስጥ ያሉትን ማኅበራዊ ሠራተኞች ጠይቁ። የልጆች ካንሰር ሕክምና ጎንደር፣ ጅማና መቀሌም ስላለ ለምትቀርቡ እሱንም ጠይቁ። ኮፒ አብዙ። ይህን እንደ ነጋዴ አይደለም የምለው።

አሁን ሚጡ የክኒን ጊዜ ላይ ናት። አዲስ አበባ የምትሄደው ለቀጠሮ ብቻ ነው። አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ጸጉሯ ተመልሷል፣ ከበፊቱ ይልቅ ይጠቀለላል፣ ራሷ «የበግ» ትለዋለች። በየማታው የምትወስደው ክኒን አለ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትወስደው ደግሞ ሜቶትሬክሴት አለ። ይኼኛው ቀን ከተሳሳተ፣ በየቀኑ ከተሰጠ፣ አደገኛ ነው። ስለዚህ ወሩን በትልቅ ወረቀት አተምኩላት፣ ሐሙስ ሐሙስ ባዶ ክብ ያለበት። ክኒኗን ስትውጥ ክቡን ቀይ ትቀባዋለች። እናትየው ሐሙስ ማታ ለዓርብ የሚደርሰውን ዳቦ ስለምትጋግር ክኒኑን ማስዋጥ የኔ ተራ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። አፏን ከፍታ ምላሷን አንስታ ታሳየኛለች፣ እንደ ፖሊስ አያታለሁ፣ ወንድሟ «አረጋግጫለሁ» ብሎ ከሥሩ ይፈርማል።

የቅሬው አባት ቡናቸውን እየጠበቁ ነው። ባገኙኝ ቁጥር «ጀበናዋ ተጣደች?» ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ፣ አሥራ አንድ ወር ቀርቷታል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቀይ እርሳሷ አልቆ ባለፈው ሳምንት በብርቱካንማ ነው የቀባችው፣ አኩርፋ። ከሱቁ አንድ ይዤላት እሄዳለሁ።